የእስክስታችን ታሪክና በረድፉ ውስጥ ያልቆመው ጓደኛችን

የካራቆሬ ስም በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ የታወቀው በመሬት መንቀጥቀጥ ነው። በ1953 ዓ.ም. በግንቦትና በሰኔ ወር ምድራችን ደጋግማ ተንቀጠቀጠች፤ ጎረቤታችን ማጀቴም ፈረሰች። ትልልቆቹ ይህንን ሲያወሩ እኛ ልጆቹ፣ «መሬቲቱም እስክስታ ትወድ ነበር ማለት ነው» እያልን እንስቅ ነበር። ብዙ ቤት በፈረሰበት ነገር መቀለድ መልካም አልነበረም። ዛሬ ልጽፍበት ያሰብሁት ግን ስለ መሬቲቱ ሳይሆን ስለ እስክስታው ነው።

ለትምህርት ቤታችን በዓል የጭፈራ ቡድን ሲቋቋም ተጫዋቾቹን ከመረጡት ተማሪዎች አንዱ እኔ ነበርሁ። በክፍላችን ከልጅነቱ ጀምሮ በክራንች የሚሄድ ጓደኛ አለን። በትከሻ የሚወዳደረው የለም፤ ቢጫ ጀሪካን ገልብጦ ሲመታም እውነተኛ ከበሮ የያዘ ይመስላል። እኔ ግን ረድፉ እንዳይበላሽ ብዬ የተጫዋቾቹን ልብስ እንዲጠብቅ መደብሁት። እርሱም «እሺ» አለኝ። ተቆጥቶ ቢሆን ኖሮ በረሳሁት፤ ያ «እሺ» ግን ከጆሮዬ አልጠፋም። ከዚያ በኋላ ይህ «ረድፍ» የምንለው ነገር ከወዴት እንደ መጣ ሽማግሌዎችን መጠየቅና ማንበብ ጀመርሁ።

በይፋት የሠርግ ዳስ ውስጥ አንዱ ያወርዳል፣ የቀሩት ይቀበላሉ፤ አንዱ ከበሮ ይመታል፣ ሌላው ያጨበጭባል፣ እናቶች እልል ይላሉ፤ ከክቡ መካከል ደግሞ ሰው በየተራ እየገባ ይወርዳል። መቆም ያቃታት አሮጊት እንኳ ከመደቧ ላይ ሆና ትከሻዋን ትሰብቃለች። ተመልካች ብቻ ሆኖ የሚቀመጥ ሰው አይገኝም። የእኛ አገር ደግሞ የደጋና የቆላ መገናኛ ስለ ሆነ ጭፈራው አንድ ዓይነት አይደለም። ከተራራው የሚወርደው አማራ ትከሻውን ይዞ ይመጣል፤ ከቆላ የሚመጡት አፋሮችና ኦሮሞዎች ዝላይና ዱላ ያውቃሉ፤ በሽመና የታወቁት አርጎባዎችም የራሳቸው ዜማ አላቸው።

ጭፈራው ከዳስ ወጥቶ ወደ መድረክ የገባው በአዲስ አበባ ነው። በ1927 ዓ.ም. የአገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። በኋላም በደርግ ዘመን በየቀበሌውና በየአውራጃው የኪነት ቡድን ተቋቋመ። ይህ ሥራ የየአገሩን ዘፈንና ውዝዋዜ ለመላው ሕዝብ አሳውቋልና ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን መድረክ ፊቱ አንድ ነው። ስለዚህ ክቡ ተከፍቶ ረድፍ ሆነ፤ ረድፍ ከሆነ በኋላ ቁመት ይለካ፣ ልብስ ይመሳሰል፣ እግርም እኩል ይነሣ ጀመር። እኛ ተማሪዎችም ያንኑ ከቴሌቪዥን አይተን ቀዳን። ልብስ ጠባቂ የሚባል ሥራ የመጣው እንግዲህ ከዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1965 ጆርጂ ማርቲን የተባለ የሀንጋሪ የጭፈራ ተመራማሪ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር፤ ስለ ጭፈራዎቻችን ዓይነትም በ1967 ጽሑፍ አሳትሟል። ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው የደከመለትን ነገር እኛ በቅጡ ሳንመለከተው መቅረታችን ያሳፍራል። የደጋው እስክስታ በሙሉ በትከሻ፣ በአንገትና በደረት ላይ ነው። እግር ይረዳው እንደ ሆነ እንጂ ዋናው ሥራ የእርሱ አይደለም። በዓለም ካሉት ጭፈራዎች መካከል ተቀምጦ ለሚጫወት ሰው እንደ እስክስታ የሚስማማ ብዙ የሚገኝ አይመስለኝም። እኛ ግን ይህንኑ ጭፈራ ይዘን በክራንች የሚሄደውን ጓደኛችንን «አትችልም» አልነው።

ይህን ነገር ከእኛ ቀድመው ያሰቡበት ሰዎች ነበሩ። ሰለስት ዳንደከር የተባለች እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1973 በመድረክ ላይ ስትጫወት ወድቃ አካሏ ሽባ ሆነ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1991፣ ከአዳም ቤንጃሚን ጋር ሆና ካንዱኮ የተባለውን ቡድን መሠረተች፤ በዚያም የአካል ጉዳት ያለባቸውና የሌለባቸው አብረው ይጫወታሉ። በአገራችን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ሮይስተን ማልዱም የተባለ የጭፈራ መምህር መቶ ያህል የአዲስ አበባ የጎዳና ልጆችን ሰብስቦ «ካርሚና ቡራና» የተባለውን ሙዚቃ በጭፈራ አሳየ። (ይኸው ሰው በ2003 በበርሊን 250 ልጆችን እንዲሁ አሠልጥኗል።) ከጎዳና ልጆቹ ጥቂቶቹ ለዓመታት ሠልጥነው አዱኛ የተባለው የጭፈራ ቡድን ሆኑ። አዳም ቤንጃሚንም ወደ እነርሱ መጥቶ አስተማረ፤ ከአካል ጉዳተኞች ጋር የሚሠራ ክፍልም በአዱኛ ውስጥ ተቋቋመ። ከአዱኛ ልጆች አንዱ የሆነው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 ለታወቀው የጃፓን የጭፈራ ሊቅ ለሳቡሮ ተሺጋዋራ ደቀ መዝሙር እንዲሆን ተመርጧል፤ በኋላም ከአዲሱ ደምሴ ጋር ዴስቲኖ የተባለውን ቡድን አቋቁሟል።

የዚህ ዓይነቱ ትምህርት ምሥጢር እንዲህ ነው። መምህሩ፣ «እኔን ምሰሉ» አይልም። «ከመሬት ተነሥታችሁ ጓደኛችሁ ዘንድ ድረሱ» ብሎ ያዛል፤ አንዱ ይዘላል፣ አንዱ ይንከባለላል፣ አንዱ በተሽከርካሪ ወንበሩ ይሄዳል፤ ሁሉም ግን ይደርሳል። እኔ ከዚህ በፊት በሚስዮን ትምህርት ቤት ስማር በመዘምራን መካከል ቀጥ ብሎ መቆምን ብቻ ስለ ተለማመድሁ፣ መምህርን ሳይመስሉ መማር እንደሚቻል ማመን መጀመሪያ አስቸግሮኝ ነበር።

ረድፉ ወጪም አምጥቶብን ነበር። ለበዓሉ ጀኔሬተርና ከናይለን የተሠራ ልብስ ልንከራይ፣ አዲስ ከበሮም ልናሠራ አስበን ነበር። ከበሮ ማለት የተፈለፈለ ግንድ ነው፤ መልካሙ ግንድ ደግሞ የዋንዛ ነው። ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከልክሎ ነበር፤ በእኛ ወንዝ ዳር የቆሙትን ዋንዛዎች ለመቍጠር ግን ዛሬ የሁለት እጅ ጣቶች ይበቃሉ። ናይለኑም ቢሆን ከተቀደደ በኋላ ከግራር እሾህ ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀር ነው። አንድ አባት ግን፣ «ልጄ፣ ከበሮ የሚያረጀው ቆዳው ነው እንጂ እንጨቱ አይደለም» አሉኝና ከጓዳቸው ቆዳው የተቀደደ ከበሮ አወጡልን። የበሬ ቆዳ አርሰን፣ ወጥረን፣ በጠፍር አሰርነው። ልብሱን ከየእናቶቻችን ሣጥን አገኘን፤ የጥጥ ስለ ሆነ ላብ ይጠጣል። ልምምዱንም በቀን ብርሃን ከዋርካው ሥር አደረግነው። ጀኔሬተሩም ቀረ።

ወደ ጓደኛዬ ሄጄ ጥፋቴን ነገርሁትና፣ «አሁን አውራጃችን ሁን» ብዬ ለመንሁት። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻ፣ «ታዲያ ልብሱን ማን ይጠብቀዋል?» አለኝ። ሳቅሁ፤ እርሱ ግን አልሳቀም። ልብሱን እኔ እንደምጠብቅ ነገርሁት፤ እየጠበቅሁም ነው።

አሁን አሥራ ሁለቱም ተጫዋቾች በግማሽ ክብ ተቀምጠው ይጀምራሉ። ከወገብ በታች ሳይንቀሳቀሱ ትከሻን መስበቅ እጅግ ከባድ ሆኖ ስላገኙት በመጀመሪያው ሳምንት ያስተማራቸው እርሱ ነው። ጠንካራ ነው የተባለው ልጅ እንኳ በሁለተኛው ቀን ትከሻውን በቅቤ አሽቶ መጣ። አግዳሚ ወንበሮቹን ከስምንተኛ ክፍል ተበድረናል፤ የአንደኛው እግር ስለሚነቃነቅ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርገንበታል።