የድርብ ሰረዝ ነገር

ተረት ተረት! «የላም በረት» በሉኛ፤ ሰንጋ ተራ ቆሞ ሌላ ምን ይባላል? የበሬው ገበያ ቀርቶ ስሙ ብቻ ተርፏል። ዛሬ የንግድ ባንክን ፎቅ ጫፍ ለማየት ማንጋጠጥ ነው።

እዚሁ ሰፈር፣ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ውስጥ ፓስካል የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ እማር ነበር። መልመጃው ቀላል ነው፦ ውጤቱ ከ50 በላይ ከሆነ «አለፈ»፣ ካልሆነ «ወደቀ» ብሎ የሚጽፍ ፕሮግራም። ከ«ኤልስ»፣ ማለት ከ«ካልሆነ» በፊት ሰሚኮለን፣ ያቺን የፈረንጅ ድርብ ሰረዝ፣ ጣል አደረግሁ። ማሽኑ እምቢ አለ። ግማሽ ቀን ታገልኩት። ለካ ጣጣው የመጣው ከዙሪክ ኖሯል!

እናላችሁ፣ ዘመኑን በፈረንጅ ቁጠሩልኝና፣ የፓስካል ፈጣሪ ኒክላውስ ቪርት በ1934 ስዊዘርላንድ ተወለደ። ዙሪክ ምህንድስና ተማረ፤ በካናዳ በኩል ዞሮ በ1963 ከበርክሌይ ዶክትሬቱን ያዘ፤ ስታንፎርድ አስተማረ። አሜሪካኖች ስሙን ሲያበላሹት «የአምስት ሳንቲም ዋጋ» የሚል ይመስል ነበር አሉ። እኛ ገበያ ቢመጣ ማን ይገዛው!

ያኔ አልጎል የተባለውን ቋንቋ የሚያሻሽል ዓለም አቀፍ ጉባኤ ነበር። ቪርት አነስ ያለ ረቂቅ ይዞ ቀረበ። ጉባኤው ግን ግዙፉንና ውስብስቡን መረጠ። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጉባኤውን ጥሎ ወጣ፤ አገሩም ተመልሶ ነበርና በ1970 ፓስካልን አወጣ፤ ለተማሪ እንዲሆን ብሎ።

ወደ ሰረዜ ልመለስ። ሲ በሚባለው ቋንቋ ያቺ ምልክት አራት ነጥብ ናት፤ ትእዛዙን ትዘጋለች። በፓስካል ግን ልክ እንደኛ ድርብ ሰረዝ በሁለት ትእዛዝ መካከል ትገባለች። «ከ50 በላይ ከሆነ አለፈ፣ ካልሆነ ወደቀ» አንድ ትእዛዝ ነው፤ መሃሉን ብትቆርጡት «ካልሆነ» ዘመድ አልባ ሆኖ ይቀራል። ነጥብ የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ከ«ኤንድ» ኋላ፣ አንዴ ብቻ። ሰውዬው የኔታ ዘንድ የቆጠረ ነው የሚመስለኝ።

ቪርት በ1984 ለኮምፒውተር ሊቃውንት የሚሰጠውን የቱሪንግ ሽልማት ተሸለመ። ሌላው ፎቅ በፎቅ ላይ ሲከምር እሱ ይቀንስ ነበር፤ ኦቤሮን የተባለው ቋንቋው ሙሉ መግለጫው 16 ገጽ ነው። እስከ 1999 ዙሪክ አስተማረ። በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በ89 ዓመቱ አረፈ።

ማሠልጠኛዋም ፈርሳለች። ያን ቀን ግን ሰረዟን ባጠፋኋት ቅጽበት ማሽኑ «አለፈ» ብሎ ጻፈ፤ ያውም በላቲን ፊደል።