የሕፃናት የእንቅስቃሴ እድገት መዘግየትና የቅንጅት ችግር

የእንቅስቃሴ እድገት መዘግየት የሚባለው ሕፃን አንገቱን ማጽናት፣ መቀመጥ፣ መቆምና መራመድ፣ በእጁም መያዝና መልቀቅ ከእኩዮቹ በእጅጉ ዘግይቶ ሲጀምር ነው። የቅንጅት ችግር ከዚህ ይለያል። ልጁ ይራመዳል፣ ይሮጣልም፤ ነገር ግን ዓይንና እጅ ወይም እጅና እግር አብረው የሚሠሩት ሥራ እየተበላሸ ያስቸግረዋል። ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ ሊገኙ ይችላሉ፤ ሆኖም አንዱ የሌላው ማስረጃ አይደለም። በዓመቱ የተራመደ ልጅ በስድስት ዓመቱ የሹራቡን ቁልፍ መቆለፍ ሊያቅተው ይችላል። በአሥራ ሰባት ወሯ የተራመደች ልጅ ደግሞ በገመድ ዝላይ የሚደርስባት ላይገኝ ይችላል።

መቼ ዘገየ ይባላል?

በሰፊው የሚሠራበት መለኪያ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ነው። ጥናቱ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ 816 ጤነኛ ሕፃናትን ተከታትሏል። በውጤቱም ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከ3.8 እስከ 9.2 ወር፣ ያለ ድጋፍ መቆም ከ6.9 እስከ 16.9 ወር፣ ብቻን መራመድ ደግሞ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚጀመር ታይቷል። ቀድሞ በሚራመድና ዘግይቶ በሚራመድ ጤነኛ ልጅ መካከል የዘጠኝ ወር ያህል ልዩነት አለ ማለት ነው። የጎረቤት ልጅ ቀድሞ ስለሄደ የሚያዝን ወላጅ ይህን ስፋት ቢያውቅ ብዙ ጭንቀት ይቀርለታል።

መዳህ ደግሞ ከነጭራሹ የግድ አይደለም። በዚሁ ጥናት 4.3 በመቶ የሚሆኑት ሕፃናት በእጅና በጉልበታቸው ሳይድሁ ቀጥታ ወደ መቆምና መራመድ አልፈዋል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2022 የእድገት ምልክቶች ዝርዝሩን ሲያሻሽል መዳህን ከውስጡ አውጥቶታል፤ ውሳኔው በፊዚዮቴራፒስቶች ዘንድ ብዙ ክርክር አስነሥቷል።

አስተዳደግም ጊዜውን ያፈጥናል ወይም ያዘገያል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ቻርልስ ሱፐር እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ጥናት በኬንያ የኪፕሲጊስ ሕፃናት ከአሜሪካ ሕፃናት ቀድመው እንደሚቀመጡና እንደሚራመዱ ገልጿል። ምክንያቱ እናቶቹ መቀመጥንና መራመድን ሆን ብለው ማስተማራቸው ነበር። ማንም በማያስተምራቸው ክህሎቶች ግን እንዲህ ያለ ብልጫ አልነበራቸውም። ስለዚህ በአንድ አገር የተሠራ መለኪያ ለሌላው እንዳለ አይሆንም። ዴንቨር ሁለት የተባለው መመዘኛ ልጁ ሲሪያል ማዘጋጀት ይችል እንደሆነ ይጠይቃል፤ ቁርሱ ጨጨብሳ ወይም ገንፎ ለሆነ ልጅ ጥያቄው ትርጉም የለውም። በጅማ የሚሠሩ ተመራማሪዎች መመዘኛውን ከአካባቢው ኑሮ ጋር አስማምተው እ.ኤ.አ. በ2016 አሳትመውታል።

ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ዕድሜ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ የሚቆጠረው መወለድ ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው። ሁለት ወር ቀድሞ የተወለደ የዓመት ልጅ የሚነጻጸረው ከአሥር ወር ልጆች ጋር ነው።

ከቀኑ ይልቅ ሐኪምን የሚያሳስበው ልጁ የሚንቀሳቀስበት መንገድ ነው። ዓመት ሳይሞላው በአንድ እጁ ብቻ የሚሠራ ሕፃን፣ ሰውነቱ እንደ እንጨት የደረቀ ወይም ከልክ በላይ የላላ፣ ይችለው የነበረውን ነገር የተወ ልጅ የዕድሜ ገደብ ሳይጠበቅ መታየት አለበት። ዓመት ከስድስት ወር ሞልቶት ያልተራመደም እንዲሁ። ከመሬት ለመነሣት በመጀመሪያ በአራት እግሩ የሚሆን፣ ከዚያም እጆቹን ጉልበቱ ላይ፣ ቀጥሎ ጭኑ ላይ እያስደገፈ በገዛ ሰውነቱ ላይ የሚወጣ የሚመስል ወንድ ልጅ ሲገጥም ሐኪሞች ዱሸን የተባለውን የጡንቻ መድከም በሽታ ይጠረጥራሉ። አነሣሡ እ.ኤ.አ. በ1879 ምልክቱን በጽሑፉ ባሰፈረው እንግሊዛዊ ሐኪም በዊልያም ጋወርስ ስም ይጠራል። በደም ውስጥ ያለውን የሲኬ ኢንዛይም መለካት የመጀመሪያው ምርመራ ነው።

መንስኤዎች

የመዘግየቱ መንስኤዎች ብዙ ናቸው። በወሊድ ጊዜ መታፈን፣ ሳይታከም የቆየ ከባድ የቢጫ ወፍ በሽታ ወይም ማጅራት ገትር አንጎልን ጎድተው ሴሬብራል ፓልሲ ሊያስከትሉ ይችላሉ። ዳውን ሲንድሮም፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስና የምግብ እጥረትም መራመድን ያዘገያሉ።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ግን ሪኬትስ ለብቻው መነሣት አለበት። አጥንትን የሚያለሰልሰው ይህ በሽታ በአብዛኛው የሚመጣው ከቫይታሚን ዲ እጥረት ነው። ቫይታሚኑን የሚሠራው ፀሐይ ያገኘው ቆዳ ሲሆን በእናት ጡት ወተት ውስጥ ያለው መጠን አነስተኛ ነው። ፀሐይ በሞላበት አገር ተጠቅልሎና ቤት ውስጥ ተደብቆ የሚያድግ ሕፃን ያጣዋል። በአዲስ አበባ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት የሳንባ ምች ይዟቸው ከመጡ 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ እንዳለባቸው ሲያሳይ፣ ለንጽጽር ከተወሰዱት 500 ሕፃናት መካከል የተገኘባቸው 20 ብቻ ነበሩ። ሪኬትስ የያዘው ልጅ ዘግይቶ ይራመዳል፣ የእጁ አንጓ ይሰፋል፣ ሲቆምም እግሩ ይቆለመማል። በጊዜው ከተደረሰበት በቫይታሚን ዲና በካልሲየም የሚድን በመሆኑ ከመንስኤዎቹ ሁሉ መፍትሔው የቀረበ ነው፤ «ልጁ ሰነፍ ነው» ተብሎ መታለፉ የሚያስቆጨውም ለዚህ ነው።

ወላጆች መራመድን ያፋጥናል ብለው የሚገዙት ባለ ጎማ መቀመጫ ደግሞ መራመድን አያስተምርም። በደረጃ ላይ ተንከባልለው በሚጎዱ ሕፃናት ምክንያት ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ሽያጩን ከልክላለች።

የቅንጅት ችግር

አጥንቱም ጡንቻውም ደህና ሆኖ፣ አእምሮውም እየገባው፣ እጁ ግን እንቢ የሚለው ልጅ ለረጅም ጊዜ የሕክምና ስም አልነበረውም። አሜሪካዊው ሐኪም ሳሙኤል ኦርተን እ.ኤ.አ. በ1937 ስለ እንደዚህ ያሉ ልጆች ጽፏል፤ አውስትራሊያዊው የነርቭ ሐኪም ሳሰን ገበይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1975 አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሞላቸዋል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ችግሩን እ.ኤ.አ. በ1987 የእድገት ቅንጅት መታወክ በሚል መጠሪያ አስገባው። እ.ኤ.አ. በ1994 በካናዳዋ ለንደን ከተማ የተሰበሰቡ ባለሙያዎችም በዚሁ ስም ተስማሙ። በሕዝብ ዘንድ ዲስፕራክሲያ እየተባለም ይጠራል። ከአምስት እስከ አሥራ አንድ ዓመት ከሆናቸው ልጆች ከ5 እስከ 6 በመቶ የሚሆኑት ላይ እንደሚታይ ይገመታል፤ በወንዶች ይበዛል፣ ያለ ጊዜያቸው በተወለዱም እንዲሁ።

ችግሩ ጎልቶ የሚወጣው ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። ፊደል የሚቆጥር ልጅን እንውሰድ። ለ፣ ሉ እና ሊን የሚለየው ከቀኝ እግሩ መሐል ወይም ከግርጌው የምትወጣ አጭር ጭረት ናት። ልጁ ሦስቱን ፊደላት አይቶ ያነባቸዋል፤ ሲጽፍ ግን ጭረቷ መሐልም ግርጌም ሳትሆን ቀርታ መምህሩ ሊን ሉ ብሎ ያርምበታል። እርሳሱን አጥብቆ ከመያዙ የተነሣ ወረቀቱ ይቀደዳል፣ ጓደኞቹ ገጹን ሲጨርሱ እሱ ሦስተኛው መስመር ላይ ነው። በዕረፍት ሰዓት ሰኞ ማክሰኞ ሲዘለል በአንድ እግሩ ቆሞ ማጎንበስ ያቅተዋል፤ ቅልብልቦሽ ላይ ደግሞ ጠጠሯ መሬት ከነካች በኋላ እጁን ይዘረጋል። ቤት ውስጥ ብርጭቆ ሰባሪ፣ ደንባራ፣ ዝርክርክ ይባላል።

ተመራማሪዎች ከሚሰጧቸው ማብራሪያዎች ብዙ ድጋፍ ያገኘው የትንበያ ጉድለት ነው። እጅ ወደ ብርጭቆ ሲዘረጋ አንጎል እጁ የት እንደሚደርስ ቀድሞ ያሰላል፤ ስለዚህ ስሕተቱን ዓይን ሳያየው ያርማል። በእነዚህ ልጆች ይህ ስሌት ደካማ በመሆኑ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በዓይን እየተከታተሉ ዘግይተው ያርማሉ። ነገሩ አዝጋሚና አድካሚ የሚሆነው ለዚህ ነው። በተለመደው የአንጎል ምስል ላይ የሚታይ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ የለም።

ምርመራ

ትናንሽ ልጆች በእድገታቸው በጣም ስለሚለያዩ ባለሙያዎች አምስት ዓመት ሳይሞላ የእድገት ቅንጅት መታወክ የሚለውን ስም መስጠት አይወዱም። የዓይን እይታ፣ የነርቭና የጡንቻ ምርመራ ይቀድማል። ከዚያም ብዙ ጊዜ ሙቭመንት ኤቢሲ የተባለው ፈተና ይሰጣል። ልጁ ሳንቲም በጠባብ ቀዳዳ ይከታል፣ ዶቃ ይሰካል፣ የተወረወረለትን ትንሽ ከረጢት ይቀልባል፣ በአንድ እግሩ ይቆማል። ውጤቱ ከእኩዮቹ በእጅጉ ዝቅ ካለና ችግሩ ኑሮውን ወይም ትምህርቱን ካወከ ምርመራው ይጸናል። ፈተናው ብቻውን አይበቃም፤ ቁልፉን ማን እንደሚቆልፍለት፣ ሲበላ ምን ያህል እንደሚያፈስ የሚናገረው ቤተሰቡ ነው። ከእነዚህ ልጆች ግማሽ የሚሆኑት ትኩረት የመሰብሰብ ችግር (ኤዲኤችዲ) አብሮ ስለሚኖርባቸው አንዱ ሲገኝ ሌላውም ይፈተሻል።

በአሜሪካ የሚኖሩ ቤተሰቦች ልጃቸው ሦስት ዓመት ሳይሞላው የእድገት ጥርጣሬ ካላቸው፣ በየክፍለ ግዛቱ ያለውን የቅድመ ድጋፍ አገልግሎት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ራሳቸው መጠየቅ ይችላሉ። ግምገማው በነፃ ነው፤ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል።

ድጋፍ

የቅንጅት ችግር መድኃኒት የለውም። ቀድሞ በስፋት ይሠራበት የነበረው መንገድ፣ የኦኩፔሽናል ቴራፒስቷ ጂን ኤርስ ባስተማረችው መሠረት በመወዛወዣና በመሰል መሣሪያዎች የስሜት ሕዋሳትን አሠልጥኖ ክህሎቱን ከዚያ መጠበቅ ነበር። አሁን ያሉት ዓለም አቀፍ መመሪያዎች የሚመክሩት የከበደውን ሥራ ራሱን ማለማመድን ነው። ቁልፍ መቆለፍ ካቃተው ልምምዱ ቁልፍ መቆለፍ ይሁን፤ ኳስ መጨበጥ ጣቱን ቢያጠነክርም ቁልፉን አይቆልፍለትም። ካናዳዊቷ ሔለን ፖላታይኮና ባልደረቦቿ ያዳበሩት ዘዴ ልጁን አራት እርምጃ ያስተምረዋል፦ ግብ፣ እቅድ፣ ተግባር፣ ማጣራት። ግቡን የሚመርጠው ልጁ ነው። ሹራቡን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ከትልቁ ቁልፍ ይጀምራል፤ ሲያቅተው አዋቂው «ምን ብትቀይር ይሻላል?» ብሎ ይጠይቀዋል እንጂ እጁን ይዞ አይሠራለትም። በየቀኑ ለአጭር ጊዜ የሚደረግ ልምምድ በሳምንት አንዴ ከሚደረገው ረጅም ልምምድ ይሻላል።

መምህር ከሰሌዳ የሚገለበጠውን ቢቀንስ፣ ለፈተና ጊዜ ቢጨምር፣ አንዳንዱን መልስ በቃል ቢቀበል የልጁ እውቀት ከእጅ ጽሑፉ ጀርባ ተደብቆ አይቀርም። ከጨዋታ እየተገለለ የሚያድግ ልጅ ክብደት ይጨምራል፣ ይጨነቃል፣ ከሰው ይሸሻል፤ ስለዚህ ቅልብ የማይጠይቁ እንደ ዋናና ሩጫ ያሉ ስፖርቶች ይመረጡለታል።

ችግሩ ከ50 እስከ 70 በመቶ በሚሆኑት ላይ እስከ ጉርምስናና ከዚያም በላይ ይዘልቃል። በሃሪ ፖተር ፊልሞች የሚታወቀው ተዋናይ ዳንኤል ራድክሊፍ ቀለል ያለ ዲስፕራክሲያ እንዳለበት እ.ኤ.አ. በ2008 ተናግሯል። ካደጉ በኋላ ብዙዎቹን የሚፈትናቸው መኪና መንዳት ነው፤ መሪ፣ ፍሬን፣ ማርሽና መስታወት በአንድ ጊዜ የሚፈልጉትን ቅንጅት ለመልመድ ከሌላው ሰው የበለጠ ሰዓት ይወስድባቸዋል፤ ማርሹን ራሱ የሚቀይር መኪና ሸክሙን ያቀልላቸዋል።