ኳስ የማይነኩት አምስቱ

ትናንት አዳይቱ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪኖች ሲያልፉ እያየን፣ አንድ የድሮ ተማሪዬ ስለ አሜሪካ ፉትቦል ሞገተኝ። «ቲቸር፣ ኳስ የማይነካ ሰው ምኑን ተጫዋች ሆነ?» አለኝ።

የሚለው ከአከፋፋዩ ፊት ስለሚቆሙት አምስት ግዙፎች ነው። መሀለኛው ኳሷን ወደ ኋላ ከማቀበሉ በቀር ሥራቸው መግፋት ነው፤ ለሌላው መንገድ መክፈት።

በፈረንጆቹ 1981 ጆ ጊብስ የዋሽንግተንን ቡድን ሲይዝ መስመሩን ለጆ ቡግል ሰጠው። የኛም ስደተኞች እዚያው ከተማ፣ አዳምስ ሞርጋን ላይ ኑሮ የሚጀምሩበት ዘመን ነበር። ቡግል ካሰለፋቸው ውስጥ ጆ ጃኮቢና ጄፍ ቦስቲክ በዓመታዊው የተጫዋቾች ምርጫ የፈለጋቸው ቡድን አልነበረም። ጆርጅ ስታርክም የተመረጠው በ11ኛው ዙር ነው። «ሆግስ» ብሎ ሰየማቸው፣ አሳማዎች ማለት ነው። (ሻይ ቤቱ ውስጥ ስተረጉመው የተሳቀውን ሳቅ ተዉት!)

ጥር 1983፣ ሱፐር ቦውል፣ ከማያሚ ጋር። ዋሽንግተን እየተመራ ነው፤ በአራተኛው ሙከራ አንድ ያርድ ገደማ ይቀረዋል። መስመሩ ከፈተለት፣ ጆን ሪጊንስ 43 ያርድ ሮጦ አገባ። 27 ለ 17 አለቀ፤ ኮከብ የተባለውም ሪጊንስ ነው። በ1988 እና በ1992 ዋንጫው ሲደገም አከፋፋዩ በየጊዜው ሌላ ሰው ነበር። ጃኮቢ፣ ቦስቲክና ረስ ግሪም ግን የሦስቱም ቡድኖች አባል ነበሩ።

እኔ ስፖርት ሳስተምር ወፈር ያሉትን ልጆች ልብስ አስጠብቅ ነበር። ጠያቂዬ ከነሱ አንዱ ነው። ይህንንም አነሳሁበት። «አስታውሳለሁ ቲቸር» አለና የሻዩን ሒሳብ ከፈለ።