የእንግሊዝና የአሜሪካ የብድር ስምምነት
እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 6 ቀን 1945 በዋሽንግተን የተፈረመው ይህ ስምምነት፣ አሜሪካ በጦርነት ለደኸየችው እንግሊዝ 3.75 ቢሊዮን ዶላር በ2 በመቶ ወለድ ያበደረችበት ውል ሲሆን፣ አብሮት በወጣው የጋራ መግለጫ እንግሊዝ ታሪፍን፣ ማለትም በገቢ ሸቀጥ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ፣ ለመቀነስና ለግዛቶቿ ብቻ ትሰጥ የነበረውን የቀረጥ ቅናሽ ለማላላት ለመደራደር ተስማማች። የእንግሊዝ ተደራዳሪ የነበሩት የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆን ሜይናርድ ኬይንስ ከወለድ ነጻ የሆነ ድጋፍ ተስፋ አድርገው ነበር። ከሁሉ የከበደው ግዴታ ግን ፓውንድ በዶላር እንዲመነዘር የሚያዝዘው ነበር፤ ምንዛሪው በጁላይ 1947 ሲፈቀድ የእንግሊዝ የዶላር ክምችት በፍጥነት በመሟጠጡ በአምስት ሳምንት ገደማ ታገደ። በዚያው ዓመት በጄኔቫ የተፈረመው አጠቃላይ የታሪፍና ንግድ ስምምነት ቀረጥን ቢቀንስም የግዛቶቹን ልዩ ቅናሽ አላስቀረም። ብድሩ ተከፍሎ ያለቀው በዲሴምበር 2006 ነው።