ቤት ያገኙና ቤት ያላገኙ

በጄኔቭ ታችኛው ከተማ ያለው የፉስትሪ ጸሎት ቤት በዣን ቬን ንድፍ ከ1713 እስከ 1715 የተሠራ ባለ አራት ማዕዘን አዳራሽ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከተማዋ ተሐድሶን የተቀበለችው በ1536 ቢሆንም፣ ለአዲሱ አምልኮ ብላ ከመሠረቱ ያሠራችው የመጀመሪያ ቤት ይኸው ነው። እስከዚያ ድረስ ምእመናኑ ከካቶሊኮች በወረሷቸው አብያተ ክርስቲያናት ሲገለገሉ ኖረዋል።

አዲስ ቤት ያስፈለገው ስደተኛ ስለበዛ ነው። ሉዊ 14ኛ በ1685 የናንትን አዋጅ ሲሽር፣ ሁጉኖ የሚባሉት የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች ወደ ጄኔቭ ጎረፉ። በፓሪስ አጠገብ በሻራንቶን የነበረው ትልቁ ጸሎት ቤታቸውም በዚያው ዓመት ፈረሰ። ዣን ቬን አርአያ ያደረገው ያንን የፈረሰ ቤት ነው። በአገሩ የጠፋው ሕንጻ በስደት አገር እንደገና ቆመ።

ቅርጹን የወሰነው እምነቱ ነው። ክብ በሆነው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከቅኔ ማኅሌት ወደ ቅድስት ይዘለቃል፤ መቅደሱ ግን በመጋረጃ ተከልሏል። በፉስትሪ የሚከለል ክፍል የለም። ሰገነቶቹ የተሠሩት ብዙ ሰው ከሰባኪው ሳይርቅ እንዲሰማ ነው። አንዱ ቤት ምሥጢርን ይጠብቃል፤ ሌላው ቃልን ያሰማል።

ከገዢው እምነት ያፈነገጠ ሁሉ ግን ቤት አላገኘም። በዙሪክ የዝዊንግሊ ተሐድሶ በ1524 ሥዕላትን ከአብያተ ክርስቲያናት አስወጣ። በጥር 1525 ከተከታዮቹ ጥቂቶቹ የሕፃናትን ጥምቀት ተቃውመው፣ በፊሊክስ ማንዝ እናት ቤት ተሰብስበው አንዱ ሌላውን አጠመቀ። ትናንት በሮም ላይ ያመፀችው ከተማ ዛሬ የራሷን አፈንጋጮች አልታገሠችም፤ ማንዝን በጃንዋሪ 5 ቀን 1527 በሊማት ወንዝ አስጥማ ገደለችው። በወንዙ ዳር የመታሰቢያ ሰሌዳ የቆመለት በ2004 ነው።

ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናታቸው የተዘጋባቸው ብዙ ወንጌላውያን በየመኖሪያ ቤቱ በስውር ይጸልዩ ነበር። የሕንጻ ታሪክ ድንጋይን ብቻ ከቆጠረ፣ የሚያስታውሰው መሬትና ፈቃድ ያገኙትን ብቻ ነው። የማንዝ እናት ቤትም፣ በሩ ተዘግቶ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የተጸለየበት የአዲስ አበባ ሳሎንም ከፉስትሪ እኩል የጸሎት ቤት ታሪክ ናቸው።