ከሺህ አንድ የተቀነሰችው ፍሬም

የአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ዛሬም የሚሠሩበት ቁጥር ግር ያሰኛል። ካሜራው በሰከንድ የሚቀርጸው 30 ፍሬም ሳይሆን 29.97 ነው፤ 60 መሆን የሚገባውም 59.94 ሆኖ ይገኛል። ከሺህ አንድ እጅ ተቀንሷል ማለት ነው። ቅናሹ የተደረገው በ1953 ሲሆን (ዓ.ም. ያልተባለበት ዘመን ሁሉ እዚህ የአውሮፓ ነው)፣ ምክንያቱም በየሳሎኑ የተቀመጠው ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን እንዳይረበሽ ነበር። እነዚያ ቴሌቪዥኖች ከተጣሉ ብዙ አሥርት ዓመታት አለፉ፤ ቁጥሩ ግን አብሯቸው አልተጣለም። ስለ ምስል ጥራት ሲወራ ቀድመው የሚነሱት ካሜራው፣ ሌንሱና የስክሪኑ ስፋት ናቸው። እኔ ግን የምናየውን ምስል ከነዚህ ይበልጥ የወሰነው መሐንዲሶች በየዘመኑ ለአሮጌው መሣሪያ የያዙት ይሉኝታ ነው ባይ ነኝ። የዛሬው ቪዲዮ ከቆመባቸው ሐሳቦች ምርጡም ሆነ ከተሸከማቸው ቁጥሮች እጅግ አስቸጋሪው ከዚሁ ይሉኝታ የመጡ ናቸው።

ይሉኝታ የማያውቀው መንገድ አስቀድሞ ተሞክሮ ነበር። የአሜሪካው የቴሌቪዥን ኩባንያ የሲቢኤስ መሐንዲስ ፒተር ጎልድማርክ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ማጣሪያ የተገጠመለትን ዲስክ በካሜራውና በመቀበያው ፊት እያሽከረከረ ሦስቱን ቀለማት ተራ በተራ የሚልክ ዘዴ ሠራ። የቀለሙ ጥራት ብዙዎችን ስላሳመነ የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በጥቅምት 1950 አጸደቀው። ተፎካካሪው የአርሲኤ ኩባንያና አለቃው ዴቪድ ሳርኖፍ ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢያደርሱትም ተረቱ። ሆኖም አዲሱ ዘዴ 405 መስመር ያለውን ምስል በሰከንድ 144 ጊዜ ሲስል፣ በየቤቱ ያለው መቀበያ የተሠራው ለ525 መስመርና ለ60 ጊዜ ነው። በአገሪቱ የነበረው ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ቴሌቪዥን ስርጭቱን በቀለም ቀርቶ በጥቁርና ነጭም ማሳየት አልቻለም። ሰኔ 1951 ላይ የተጀመረው መደበኛ የቀለም ስርጭት በዚያው ዓመት ጥቅምት ተቋረጠ። ለማቋረጡ የተሰጠው ምክንያት የኮሪያ ጦርነትና የጥሬ ዕቃ ቁጠባ ነበር፤ ነገር ግን ተመልካች የነበረው ስርጭት ቢሆን ኖሮ ከጦርነቱ በኋላ ይመለስ ነበር። የሚሽከረከረው ዲስክ በሌላ ቦታ ግን ተሳክቶለታል፤ በ1969 አፖሎ 10 ወደ ጨረቃ ይዞት የሄደው የቀለም ካሜራ የሠራው በዚሁ ስልት ነው። እዚያ የማንንም የቆየ ቴሌቪዥን ማክበር አያስፈልግም ነበር፤ ምስሉ ምድር ከደረሰ በኋላ ወደተለመደው ዓይነት ይቀየር ነበር።

በታኅሣሥ 1953 የጸደቀው ሁለተኛው መንገድ የተነሳው ከሌላ ጥያቄ ነው። ባለቀለሙን ስርጭት የቀድሞው ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ያለ ችግር እንዲያሳየው፣ ከተፈቀደው የ6 ሜጋኸርዝ ስፋትም እንዳያልፍ ማድረግ እንዴት ይቻላል? መልሱ ፈረንሳዊው ዦርዥ ቫለንሲ በ1938 የፈጠራ መብት ባስመዘገበበት ሐሳብ ውስጥ ነበር። ምስሉ ብርሃንና ቀለም ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። ብርሃኑ እንደ ወትሮው ይላካል፤ አሮጌው ቴሌቪዥን የሚረዳው እሱን ብቻ ነው። ቀለሙ በዚያው ስርጭት መሐል በተሸሸገ አነስተኛ ሞገድ ላይ ይጫናል። ዓይናችን ዝርዝሩን የሚለየው በብርሃን እንጂ በቀለም ስላልሆነ ለቀለሙ ጠበብ ያለ ቦታ መስጠት ብዙ አይጎዳም። እንቅፋቱ የመጣው ከድምፅ ነው። የቀለሙ ሞገድ ከምስሉ 4.5 ሜጋኸርዝ ርቆ ከተቀመጠው የድምፅ ሞገድ ጋር ሲጋጭ በአሮጌው ስክሪን ላይ የሚርመሰመሱ ነጠብጣቦች ይፈጠራሉ። ነጠብጣቦቹ ጎልተው እንዳይታዩ 4.5 ሜጋኸርዙ በሰከንድ ለሚሳሉት መስመሮች ቁጥር ሳይተርፍ መካፈል ነበረበት። 4.5 ሚሊዮን ለ286 ሲካፈል 15,734 ገደማ ይሆናል፤ የቀድሞው ቁጥር ደግሞ 15,750 ነበር። የመስመሩ ፍጥነት ከሺህ አንድ እጅ ሲቀንስ ፍሬሙም አብሮ ቀነሰ።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። የምስሉን ፍጥነት ከመንካት ይልቅ የድምፁን ሞገድ በ4,500 ኸርዝ ብቻ ከፍ ማድረግ አይሻልም ነበር ወይ? ሒሳቡ በትክክል ይገጥማል፤ 15,750 በ286 ሲባዛ 4,504,500 ነው። መሐንዲሶቹ የፈሩት በሕዝብ እጅ ያሉት መቀበያዎች በ4.5 ሜጋኸርዝ የተቃኙ ስለነበሩ ድምፁ ይበላሻል ብለው ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ባለሙያዎች ስጋቱ ከልክ ያለፈ ነበር ብለዋል፤ እኔም ከነሱ ጋር ነኝ። የጥንቃቄው ዕዳ የደረሰው ለተከታዩ ትውልድ ነው። ፍሬሞችን 30 በ30 የሚቆጥር ሰዓት ከእውነተኛው ሰዓት በየሰዓቱ 3.6 ሰከንድ ስለሚዘገይ በቪዲዮ ኤዲቲንግ በየሰዓቱ 108 የፍሬም ቁጥሮች ይዘለላሉ። የሚዘለለው ቁጥሩ ነው፤ ምስሉ አይነካም። ይህን ያልተረዳ ኤዲተር ድምፅና ምስል ሲለያዩበት ጥፋቱን ኮምፒውተሩ ላይ ያሳብባል። ሆኖም ስህተቱ የአሮጌውን ቴሌቪዥን መብት ማክበር አይደለም፤ አከባበሩ በከንቱ መጠንቀቁ ነው። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ አዲሱን በድፍረት መጀመር አይሻልም ወይ ለሚለው አውሮፓ መልስ አላት። የቢቢሲ የ405 መስመር ስርጭት በ1936 ተጀመረ። እንግሊዝ በ1964 ከቢቢሲ ሁለት ጋር ወደ 625 መስመር ስትሻገር ሁለቱ አልተናበቡም። ስለዚህ የድሮው 405 ስርጭት ከአዲሱ ጎን ለጎን እስከ ጥር 1985 ቆየ። ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ማሠራጫው፣ ጥገናውና የአየር ሞገዱ እጥፍ ሆኖ ተከፈለ ማለት ነው። ፈረንሳይ ደግሞ ከሁሉም የላቀ 819 መስመር ይዛ ነበር። ጥራቱ የሚያስቀና ቢሆንም የሚፈልገው የሞገድ ስፋት ብዙ ነበር፤ ከጎረቤቶቿም ብዙዎቹ አልተከተሏትም፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተዘጋ። አሜሪካ ግን ማንንም ቴሌቪዥን ሳታስጥል ወደ ቀለም ተሻገረች፤ የመጀመሪያው የአርሲኤ ባለቀለም መቀበያ 1,000 ዶላር ሲያወጣ፣ መግዛት ያልቻለው ቤተሰብ ያንኑ ዝግጅት በጥቁርና ነጭ መከታተሉን ቀጠለ።

አውሮፓ ቀለሙን ዘግይታ ስለጀመረች ከአሜሪካ ስህተት ተምራለች። በአሜሪካው ዘዴ የሰው ፊት እየቀላና እየወየበ ያስቸግር ስለነበር መቀበያው የቀለም ማስተካከያ ቁልፍ ነበረው። የቴሌፉንከኑ ቫልተር ብሩክ ፓል በተባለው ስልት የቀለሙን ምልክት በየመስመሩ እያገላበጠ ስህተቱ ራሱን እንዲያጣፋ አደረገ፤ ቁልፉም አላስፈለገም። ፈረንሳይና ሶቪየት ኅብረት ግን ሴካም የተባለውን ሌላ ስልት መረጡ። በ1965 ቪየና፣ በ1966 ኦስሎ ላይ የተደረጉት ስብሰባዎች ያለ ስምምነት ተበተኑ፤ ምክንያቱም ከቴክኒክ ይልቅ ፖለቲካ ነበር። ክፍፍሉ አፍሪካ ድረስ መጣ፤ ጅቡቲ ሴካምን ስትይዝ ኢትዮጵያ ፓልን ያዘች። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1977 ዓ.ም. ወደ ቀለም ሲገባ 625 መስመርና 25 ፍሬም ነበረው፤ 25 የሆነው አገሩ በ50 ኸርዝ የኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚሠራ ነው። በካሴት ዘመን አዲስ አበባ የተቀረጸ የሠርግ ቪዲዮ ዋሽንግተን ደርሶ ተራ ማጫወቻ ውስጥ ሲገባ አልታይ የሚለውም በዚሁ ሰበብ ነበር፤ ሁለቱንም የሚያነብ ማጫወቻ መፈለግ ወይም ካሴቱን ማስገልበጥ ግድ ነበር። ሲኒማም አላመለጠም፤ በሰከንድ 24 ፍሬም የሚሄደው ፊልም በፓል አገሮች በ25 ይታይ ስለነበር የ90 ደቂቃው ፊልም ወደ 86 ደቂቃ ገደማ ያጥራል፤ የተዋናዮቹም ድምፅ ትንሽ ይቀጥናል።

ዲጂታል መጥቶ ይህን ሁሉ አልጠረገውም ወይ? አልጠረገውም፤ ደግ የሆነውን ግማሽ ይዞ ቀጠለ። ለጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ሲባል ብርሃንን ከቀለም የለየው ሐሳብ ዛሬ የቪዲዮ መጭመቂያ ሁሉ መሠረት ነው። በ2003 በወጣውና ኢንተርኔትን ባጥለቀለቀው ኤች.264 በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ ፒክስል የራሱ ብርሃን ሲኖረው፣ የቀለሙን መረጃ አራት ፒክስሎች ይጋሩታል። በስልክ ተቀርጾ በቴሌግራም የሚላከው ቪዲዮ ያን ያህል የቀለለው ከፊሉ በዚህ ነው። አስቸጋሪው ቁጥር ግን የቆየው በልማድ ነው። በ1996 የጸደቀው የአሜሪካ ዲጂታል ቴሌቪዥን ደረጃ 60ንም 59.94ንም ይፈቅዳል። በሰኔ 2009 ዋናዎቹ ጣቢያዎች የአናሎግ ስርጭታቸውን ሲዘጉ ነጠብጣብ የሚረብሸው ስክሪን አልነበረም፤ ድፍኑን 60 መምረጥ ይቻል ነበር። ጣቢያዎቹ ግን 59.94ን አልለቀቁም፤ የተከማቸው የቴፕ ክምችት፣ በስቱዲዮው ያለው መሣሪያና ከሌሎች ጣቢያዎች የሚቀበሉት ዝግጅት ሁሉ በዚያ ፍጥነት የተሠራ ነበርና። በ1953 የተከበረው የተመልካቹ ቴሌቪዥን ነበር፤ በ2009 የተከበረው የጣቢያው ንብረት ነው።