ሌባው ጥሎት የሚሄደው ምስክር



በአገራችን ንብረት ሲሰረቅ የአካባቢው ሰው በአፈርሳታ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን እንዲናገር ይደረግ ነበር። ሌባሻይም እንደነበር አባቶች ያስታውሳሉ፤ መድኃኒት የጠጣው ልጅ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍል ነበር። በዚህ ስንት ንጹሕ ሰው እንደተበደለ እግዚአብሔር ይወቀው።

እ.ኤ.አ. በ1910 ኤድሞን ሎካር የተባለ ፈረንሳዊ በሊዮን ከተማ የፖሊስ ላቦራቶሪ ከፈተ። ትምህርቱ ባጭሩ፣ ሁለት ነገሮች ሲነካኩ አንዱ በሌላው ላይ ምልክት ይተዋል የሚል ነው፤ ክር፣ ጸጉር ወይም አፈር። በ1912 አንዲት ወጣት ታንቃ ስትገደል፣ ሎካር በተጠርጣሪው ጥፍር ሥር የፊቷን ፓውደር አገኘ፤ ሰውየውም አመነ።

ይህ ምስክር ግን ብዙ አይቆይም። በ1975 ፓውንድስና ስሞልደን የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ልብስ ላይ የተጣበቀ ክር፣ ልብሱ ከተለበሰ፣ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት እንደሚረግፍ አሳይተዋል።

እንግዲህ እዚህ ፔታ ቲክቫ ሌባ ቤታችሁን ሰብሮ ቢገባ፣ «ፖሊስ የተዝረከረከ ቤት እንዳያይብን» ብላችሁ አትጥረጉ፣ አትወልውሉ። ምንም ሳትነኩ 100 ደውሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። ክር በአውቶቡስ መቀመጫም ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። በልጃችሁ ልብስ ላይ ተገኘ ማለት ልጁ አጠፋ ማለት አይደለም። ፖሊስ ቢጠይቀው የት እንደዋለና ከማን ጋር እንደተቀመጠ ይናገር፤ በሚሰማው ቋንቋ መጠየቅም መብቱ ነው። ምልክት ያለ ምርመራ ከተፈረደበት ከሌባሻይ አይሻልም።